«ሐኪም ቤት ፎቶ ቤት ሆነ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዛሬ ቃሌን አነሳለሁ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሁለት ወር ያህል ከዚህ ገጽ ጠፍቻለሁ። ምክንያቱን የምታውቁ ለቅሶ ደርሳችሁኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያልሰማችሁ አሁን ትሰማላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል። እስከ መጨረሻው ሳታነቡ ግን ላይክ እንዳታደርጉ አደራ። ላይክ ምን እንደሚሠራ አሁን እኔ አውቃለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ ገጽ ላይ የለጠፍኩትን ታስታውሱታላችሁ። «ሐኪም ቤት ፎቶ ቤት ሆነ» ይል ነበር። ጉንፋን ይዞህ ብትሄድ ራጅ፣ ሆድህን ቢቆርጥህ አልትራሳውንድ፣ ራስህን ቢያዞርህ ሲቲ ስካን። የድሮ ሐኪም በእጁ ዳብሶ ያውቅ ነበር፣ የዛሬው ካላነሳህ አያውቅህም። ፎቶው ለኮሚሽኑ እንጂ ለአንተ አይደለም... ምናምን። እንዴት እንደወደዳችሁት! የሳቅ ምልክት በሳቅ ምልክት ላይ ተደረደረ። ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደዚያ የተጋራ የለም። «ቲቸር የልባችንን ተናገርክ» አላችሁኝ። እኔም ልቤ አበጠ።

ያን ጽሑፍ አላጠፋሁትም። እንዳለ አለ፤ ማየት የሚፈልግ ወረድ ብሎ ይየው። የዛሬው መልሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፦ ምስሉ ራሱ ሕክምና ነው። ቀዶ ሐኪም ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት የሚሠራው ትልቁ ሥራ እሱ ነው። «ፎቶ ማብዛት» እያልን የምንዘልለው ነገር ሰው ይገድላል።

አሁን ታሪኩን ልንገራችሁ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። 71 ዓመታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን የፈጁት ከባድ መኪና ላይ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መተማ፣ አዲስ አበባ፣ በደህናው ጊዜ ደግሞ አሰብ። ሲጋራ የጀመሩት ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ነበር። ከዚያ ከ40 ዓመት በላይ አልተዉትም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጣና ዳር ባለች ትንሽ ግቢያቸው ቡናና ጌሾ እየተከሉ ይኖሩ ነበር።

ወገባቸውን ማመም ከጀመራቸው ዓመት አልፎት ነበር። «የመኪና ወንበር ነው ያደቀቀኝ» ይላሉ፤ እኛም አመንን። ሁለት ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደው ተነክረዋል። አንዱን ጊዜ የወሰድኳቸው እኔው ነኝ። ፍል ውሃው ምን በደለ? የደከመ ጡንቻ ያፍታታል፣ ሰው ሲወጣ ቀለል ይለዋል። ሆድ ውስጥ የሰፋ የደም ቧንቧ ግን አያጠብም። ሆዳቸውን ሲያማቸው ደግሞ ጨጓራ ነው ተባለ። ኦሜፕራዞል ተሰጣቸው፣ አለቀ፣ እንደገና ተገዛ። እንግዲህ በእኛ አገር ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው አይደል?

አንድ ቀን ቡና እየጠጣን፣ «ሆዴ ውስጥ ሌላ ልብ ያለ ይመስለኛል፤ ማታ በጀርባዬ ስተኛ ትር ትር ይላል» አሉ። ሳቅን። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሁለተኛ ልብ ከየት አመጡ? ፍቅር ይዞዎት ነው እንዴ?» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚያዳምጥ ሰው ቤታችን ውስጥ ቢኖር ኖሮ በሽታውን ራሳቸው ነግረውን ነበር።

በኋላ ሽንት ሲያስቸግራቸው ለፕሮስቴት አልትራሳውንድ ታዘዘላቸው። ክፍሉ ውስጥ የጠበቀችን የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኳት ልጅ ሆና ተገኘች። አሁን ሐኪም ናት፣ ራዲዮሎጂ ላይ ነው የምትሠራው። «ቲቸር!» ብላ ሳመችኝ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ገባች። ፕሮስቴቱን አየች፣ ለካች፣ ጻፈች። የታዘዘው እሱ ብቻ ነበር፣ «በቃ ተነሡ» ማለት ትችል ነበር። እሷ ግን «አባባ፣ ወገብዎን ያምዎታል?» ብላ ጠየቀችና መሣሪያውን ወደ እምብርታቸው ወሰደችው። ዝም አለች። ጄል ጨመረች። እንደገና ለካች። 6.4 ሴንቲ ሜትር።

ውጭ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ሆዳቸው ውስጥ አብጧል። ዛሬውኑ ቀዶ ሐኪም ይያቸው። ሲቲ በኮንትራስት ማዘዙ አይቀርም፤ እባክዎን እንዳያዘገዩት።» ትንሽ ቆመችና ደግሞ፣ «ያን ጽሑፍዎን አንብቤዋለሁ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እንዳለችውም ቀዶ ሐኪሙ ሲቲና የኩላሊት ምርመራ አዘዘ። የመንግሥቱ ማሽን በዚያ ሳምንት አይሠራም። የግሉ ደግሞ የደመወዜን ግማሽ የሚበላ ነው፤ የጋሼ የጤና መድን ደብተር እዚያ በር አያስገባም። እኔ ምን አልኩ? «ትናንት ተነሥተው የለም እንዴ? ስንት ፎቶ ነው የሚነሡት?» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፣ ወረፋ የያዘው ሰው እንዲሰማ። ሁለት ሦስት ሰዎችም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ልክ እንደ ላይክ።

አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደግሞ «እዚያ ጊዜ አታባክኑ፣ ይዛችኋቸው ኑ፣ እዚህ ትልልቅ ሐኪሞች አሉ» አለ። በመኪና መሄዱ እንደምታውቁት ነው፤ ተበድረን በአውሮፕላን ወሰድናቸው። ኪሴ ውስጥ ያለችው የአልትራሳውንዷ ወረቀት ብቻ ናት። የደም ቧንቧ ቀዶ ሐኪሙ ሆዳቸውን በቀስታ ነካ አደረገ፣ ወረቀቷን አነበበ፣ ቀና ብሎ «ሲቲው የታለ?» አለኝ።

«አልትራሳውንዱ አለ'ኮ ዶክተር።»

«እሱ መኖሩን ነግሮኛል። የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ሳላይ ሆድ አልከፍትም።»

የሲቲው ወረፋ ከ12 ቀን በኋላ ሆነ። በ9ኛው ሌሊት፣ ዘመዳችን ቤት፣ «ወገቤን!» ብለው ከአልጋቸው ተነሡና ወደቁ። ሆስፒታል ሳንደርስ አረፉ። አስከሬናቸውን ይዘን ወደ ጣና ዳር ተመለስን። አርባቸው ባለፈው እሑድ ወጣ።

የሆስፒታሎቹን ስም አልጠራም። በውስጥ መስመር አትጠይቁኝ፣ ኮሜንት ላይም አትገምቱ። ክሱ በአንድ ቤት ላይ አይደለም። ሲቲው በጊዜ ቢነሣ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር ብዬም አልምልም፤ በዚያ ዕድሜ ቀዶ ጥገናው ራሱ ከባድ ነው። የምምለው ስለ አንድ ነገር ነው። ባሕር ዳር ላይ ተበድሬም ቢሆን በሁለት ቀን የሚያልቅ ነገር ነበረ። እሱን «ፎቶ አናበዛም» ብዬ ዘለልኩና አዲስ አበባ ሄጄ የወረፋው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ለአውሮፕላኑ የተበደርኩት የሲቲውን ዋጋ ይሸፍን ነበር። ጊዜ ያተረፍኩ መስሎኝ ጊዜያቸውን በላሁባቸው።

እሺ፣ ይህ በሽታ ምንድን ነው? እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በማውቀው ላስረዳችሁ።

ከልብ ወጥቶ በጀርባ አጥንታችን ፊት ለፊት ወደ ታች የሚወርድ ትልቅ ደም ቅዳ አለ፤ አኦርታ ይባላል። ሆድ ውስጥ ሲደርስ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው ሲደክም እየሰፋ ይሄዳል። 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሐኪሞች አኒዩሪዝም ይሉታል። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ያልነዳ ማን አለ? የውጭው ጎማ አንድ ቦታ ሲሳሳ የውስጡ ላስቲክ እንደ እባጭ ብቅ ይላል። ያቺን እባጭ ይዛችሁ ወደ ጎሚስታ ስትሄዱ «እስክትፈነዳ ንዳት» ይላችኋል እንዴ? አይልም። እባጩ በሰፋ ቁጥር፣ ውስጡ ያለው ግፊት ባይጨምር እንኳ፣ የግድግዳው ውጥረት ይጨምራል። ውጥረቱ ከግፊቱና ከራዲየሱ ብዜት ጋር ያድጋልና። ላፕላስ የሚባል ፈረንሳዊ ያስተማረን ነው። ስለዚህ የሰፋው ይበልጥ ይሰፋል። ደም ግፊት ካለ ይብሳል፣ ሲጋራ ካለ በጣም ይብሳል።

ክፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳያሳምም ማደጉ ነው። ሲያሳምምም ወገብ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ኩላሊት ነው እየተባለ ያልፋል። ከፈነዳ ግን ከአሥር ሰው ስምንቱ ያህል ይሞታል፤ ብዙዎቹ ሆስፒታል ደጃፍ እንኳ ሳይደርሱ። በዓለም ላይ ያሉ ሐኪሞች ወንድ ላይ 5.5፣ ሴት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ «ሳይፈነዳ እንጠግን» የሚሉት ለዚህ ነው። የጋሼ 6.4 ነበር። እናቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ፤ ያኔ ኮሪደር ላይ ጮኬ ወደጠየቅኩት። አልትራሳውንድ ካለ ሲቲ ለምን?

አልትራሳውንድ «አለ» ይላል፣ ስፋቱንም ይለካል። ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ሲቲ ደግሞ ኮንትራስቱ በደም ሥር ከገባ በኋላ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች በሚሊ ሜትር እየከተፈ ያሳያል። ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው ይህንን ነው፦ እባጩ የሚጀምረው ወደ ኩላሊት ከሚሄዱት ቧንቧዎች በታች ነው ወይስ እነሱንም ይዟል? ከእነሱ በታች ስንት ሚሊ ሜትር ጤነኛ ግድግዳ ቀርቷል? ቧንቧው ቀጥ ያለ ነው ወይስ ተጣሟል? ውስጡ የረጋ ደም አለ? ግድግዳው ላይ ካልሲየም ተጋግሯል? ወደ እግር የሚወርዱት ሁለቱ ቅርንጫፎችስ ሰፍተዋል ወይስ ጠበዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አሁኑኑ ማፍሰስ ጀምሯል ወይ?

እነዚህ ጥያቄዎች ሕክምናውን ይወስናሉ። በዓለም ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሆድ ከፍቶ ያበጠውን ክፍል በሰው ሠራሽ ቧንቧ መተካት ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1990 ቦነስ አይረስ ላይ ሁዋን ፓሮዲ በሚባል አርጀንቲናዊ ሐኪም የተጀመረው ነው፤ በብሽሽት በኩል ገብቶ የታጠፈ ቧንቧ ውስጥ ዘርግቶ መውጣት። ሁለተኛውን ለመሥራት ከኩላሊቶቹ ቧንቧ በታች ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ጤነኛ አንገት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የተለመደው ቧንቧ የሚይዝበት የለውም። ርዝመቱም ስፋቱም አስቀድሞ በልክ ይመረጣል። ሜትር ሳይዝ ጨርቅ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ ታውቃላችሁ? እኔ ያንን ሐኪም «ሳትለካ ቁረጥ» ነው ያልኩት። ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል።

አንድ ነገር ልለይ። ሰውየው ፈንድቶበት ራሱን ስቶ ከመጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ እያንዳንዷ ደቂቃ ደም ናት፣ ሐኪሙ የሚያደርገውን እሱ ያውቃል። እኔ የማወራው ገና ሳይፈነዳ፣ ሰውየው በእግሩ እየሄደ፣ ቡና እየጠጣ ስላለበት ጊዜ ነው።

የፊዚክስ ተማሪዎቼ ይህችን ደግሞ ያዙልኝ። አልበርት አይንስታይን ለዓመታት ሆዱን ያመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 መጨረሻ ብሩክሊን ውስጥ ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም ሆዱን ሲከፍት ያበጠ አኦርታ አገኘ። በዚያን ጊዜ ሲቲ የለም፣ የሆድ አልትራሳውንድ የለም፤ ለማየት መቅደድ ነበር። አውጥቶ በሌላ ቧንቧ መተካትም ገና አልተቻለም፤ ያ የተሳካው ፓሪስ ላይ በሻርል ዱቦስት እጅ በ1951 ነው። ኒሰን ግድግዳው እንዲጠነክር ብሎ በሴሎፌን ጠቀለለውና ዘጋ። አይንስታይን ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ኖረ። በኤፕሪል 1955 ቧንቧው ፈነዳ፣ እሱም ዳግም አልቀደድም ብሎ በ18ኛው ቀን በ76 ዓመቱ አረፈ።

የዚያን ዘመን ትልቁን የፊዚክስ ሰው ሳያዩ የከፈቱት ማያ ስለሌላቸው ነው። እኔ አጎቴን ሳይታዩ ሊቀደዱ የወሰድኳቸው ማያው ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ እያለ ነው።

ማያውን የሰጡንስ እነማን ናቸው? የእኛው የፊዚክስ ሰዎች! ኢያን ዶናልድ የተባለ ሐኪም ከመሐንዲስ ጋር ሆኖ በድምፅ ሞገድ የሆድ እብጠት ማየት እንደሚቻል ከግላስጎው ያሳተመው በ1958 ነው። የሲቲውን ሒሳብ ቀድሞ የሠራው አለን ኮርማክ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ኬፕታውን ላይ ፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ማሽኑን የሠራው እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሀውንስፊልድ ነው፤ የመጀመሪያው በሽተኛ ለንደን ላይ በ1971 ተነሣ፣ ሁለቱም በ1979 ኖቤል ተሸለሙ። ሀውንስፊልድ ከተማረበት ኮሌጅ ያወጣው ምን ነበር መሰላችሁ? ዲፕሎማ! እኔ በዲፕሎማዬ በማሽኑ ላይ ቀለድኩ፣ እሱ በዲፕሎማው ማሽኑን ሠራ።

አሁን ደግሞ መልስ የምትሰጡኝን አውቃለሁ። ራሴው ስለዋልኩበት ክርክሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ኮሚሽን አለ'ኮ ቲቸር!» አላስፈላጊ ምርመራ የሚያዝ የለም ብዬ አልከራከርም። በሁሉም ሙያ ውስጥ የሚያጭበረብር አለ፤ በእኛም ሙያ ክፍል ውስጥ ያላስተማረውን በክፍያ የሚያስጠና አለ። ታዲያ በእሱ ምክንያት ልጃችሁን ከትምህርት ቤት ታስወጣላችሁ? ሐኪሙን ጠይቁት፦ «ይህ ምስል ምንን ይወስናል? ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጋለህ፣ እንዲያ ቢሆንስ?» መልስ ካለው ተነሡ። መልስ ከሌለው ያኔ ተከራከሩ። እኔ አልጠየቅኩም፣ ጮህኩ። ጠይቄ ቢሆን መልሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

«ጨረሩ ካንሰር ያመጣል።» ጨረር አለው፣ እውነት ነው፤ ለወጣትና ለነፍሰ ጡር በደንብ ይታሰብበታል። ኮንትራስቱም ኩላሊት የደከመበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ክሪያቲኒን አስቀድሞ የሚለካው ለዚሁ ነው። ሚዛኑን ግን ተመልከቱት። በ71 ዓመት ሰው ሆድ ውስጥ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ያበጠ ቧንቧ በአንድ ዓመት ውስጥ የመፈንዳት ዕድሉ ከአሥር አንድ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይገመታል። ከብዙ ዓመት በኋላ ይመጣ ይሆናል ተብሎ ከሚፈራ ነገር ይልቅ የዘንድሮው ነው የሚያስፈራው።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ወባና ቲቢ አለብን።» ይህ ክርክር ነው በጣም የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። በሽታው ሲጋራ ብዙ በተጨሰበት አገር በብዛት ይታያል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 74 የሆኑ 67,800 ወንዶችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን አልትራሳውንድ ጠሯቸው። በአራት ዓመት ውስጥ በዚህ በሽታ የሞቱት ካልተጠሩት 113፣ ከተጠሩት 65 ናቸው። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ወንድ ሁሉ 65 ዓመት ሲሞላው አንድ ጊዜ ለዚህ ይጠራል። እኛ እንደ እነሱ አገሩን ሁሉ እንጥራ አላልኩም። ግን'ኮ አልትራሳውንድ ዛሬ ጤና ጣቢያ ድረስ ለነፍሰ ጡር እናቶች እየገባ ነው። ማሽኑ አለ፣ ጄሉ አለ፣ አዛውንቱም ለፕሮስቴት ወይ ለኩላሊት ብለው አልጋው ላይ ተኝተዋል። ሲጋራ ያጨሱ ከሆነ መሣሪያውን አንድ ስንዝር ወደ ላይ ማንሣት ምን ያስከፍላል? ያቺ ተማሪዬ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ማንም አላዘዛትም።

«ማሽኑ ተበላሽቷል።» ይኸኛው ክርክር የእኛ አይደለም፣ የቢሮ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ፈለገ ሕይወትንና ጥበበ ግዮንን የሚያህሉ ሆስፒታሎች አሏት፤ ከጎጃምም ከደቡብ ጎንደርም ሰው ተሸክሞ የሚመጣው ወደዚህ ነው። ነገሩ የእነሱ ብቻም አይደለም፣ የአገር ነው፣ የድሃ አገር ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በታዳጊ አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ ከመቶ 38ቱ እንደማይሠሩ አገኘ። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፦ የሥልጠና ማነስ፣ የአያያዝ ጉድለት፣ የመብራትና የመሳሰለው መሠረተ ልማት ችግር። ሦስቱም ማሽን በመግዛት አይፈቱም። እኛ ግን ሪባን ስንቆርጥ ነው የምናጨበጭበው። ማሽን ሲገባ ካሜራ አለ፣ ሲበላሽ ወረቀት ይለጠፋል፤ ለስንት ቀን እንደተለጠፈ የሚቆጥር የለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገሪቱ ሲሞከር ከጀመሩት አራት ክልሎች አንዱ የእኛው ነው። ገበሬው በየዓመቱ ከፍሎ ደብተር ይይዛል። ማሽኑ በቆመ ቀን ግን ያ ደብተር ወረቀት ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? አራት ነገር እላለሁ፣ ለአራት ዓይነት ሰው።

ሐኪም ለሆናችሁ ተማሪዎቼ፦ ዕድሜው ከ65 ያለፈ፣ ሲጋራ ያጨሰ ወንድ ወገቤን ወይ ሆዴን ካላችሁ «ጨጓራ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እጃችሁን ሆዱ ላይ አሳርፉ፣ መሣሪያውን አንድ ጊዜ እምብርቱ ላይ አድርጉ። ምስል ስታዙም ለምን እንደሆነ በአማርኛ ንገሩን። ያልተነገረው ሰው ኮሚሽን ነው ብሎ ቢጠረጥር አትፍረዱበት።

ባዮሜዲካል ያጠናችሁና ቢሮ የተቀመጣችሁ፦ «አይሠራም» ከሚለው ወረቀት ጎን «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚል ቀን ይጻፍ። ማሽን ሲገዛ የጥገናው ውልና መለዋወጫው አብሮ ይገዛ። የቆመ ማሽን ባለበት ሆስፒታል የመድን ደብተሩ ሌላ ቦታ የሚሠራበት መንገድ ይበጅ። ይህ ምጽዋት አይደለም፣ ሰውየው ከፍሎበታል።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ ለሕክምና ብር ስንሰበስብ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ወዴት ይሄዳል?» አይሁን። «ምስሉ ተነሥቷል ወይ? ሲዲው እጃችሁ ላይ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ያለውም፣ ሕንድ ያለውም፣ ባንኮክ ያለውም ሐኪም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ለአውሮፕላን ከምትልኩት በፊት ለሲቲው ላኩ።

ለሁላችንም፦ የቤታችሁን ሽማግሌ ስሙ። «ሆዴ ውስጥ ይመታል» ካሉ አትሳቁ፣ አትጫኑትም፣ ውሰዷቸው። ድንገት ከባድ የወገብ ወይ የሆድ ሕመም መጥቶ ላብ ካሰመጣቸው ወይ ካዞራቸው ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። አባት ወይ ወንድም ወይ እህት ይህ በሽታ ካለባቸው ለእናንተም ያሰጋል፤ ዕድሜያችሁ ገፋ ሲል ታዩ። ሲጋራውን ደግሞ... እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከአርባቸው በኋላ እናቴን ይዤ ሄድኩ። የወንድሟ ነገር እሷንም ያሰጋታልና። ያቺው ተማሪዬ ነበረች ክፍሉ ውስጥ። ስታየኝ ቆመች፤ ነፍስ ይማር አለችኝ፣ እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ። እናቴን አስተኛቻት፣ ጄሉን ቀባች፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። «ይኸው ቲቸር፣ እዚህ ጋ ነው የሚለካው» አለችኝ። 1.9 ሴንቲ ሜትር። ደህና ናት።

ድሮ ስለ ሞገድ ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን እኔ ተማሪ ሆኜ ቆምኩ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በዚያ ጽሑፌ ከእኔ ጋር የሳቃችሁ፣ ይህንንም እንደዚያው አጋሩልኝ። ያኛው ስንት ቤት እንደገባ አላውቅም፤ ይኸኛው ተከትሎት ይግባ።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ነፍስዎን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ቸር ይግጠመን።